የገባንባትን ከተማ እንወቅ፣ የወጣንበትን ቀዬ እንንገር

(ከከተማ ጉብኝት በፊት በአሽቀሎን ባቡር ጣቢያ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



 ዛሬ ከመቀበያ ማዕከሉ (ከመርከዝ ቅሊጣው) አውጥተን ወደዚህ ባቡር ጣቢያ ያመጣናችሁ ባቡር እንድትሳፈሩ ብቻ አይደለም። የጉዞ ካርዱ እንዴት እንደሚሞላ፣ ባቡሩ ከየትኛው መስመር እንደሚነሳ፣ ሰሌዳው እንዴት እንደሚነበብ የማኅበራችን ወጣቶች ያሳዩአችኋል። የእኔ ድርሻ ሌላ ነው። ይህች የገባችሁባት ከተማ ምን ዓይነት ከተማ እንደሆነች፣ ከእናንተ በፊት እነማን እንደኖሩባትና ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳ ሰዎቿ እነማን እንደሆኑ ላጫውታችሁ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ ምን ያደርግልናል?

«እኛ የምንፈልገው ቤትና ሥራ ነው፤ ታሪክ እንጀራ አይሆንም» የምትሉ ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም። ዳሩ ግን ቤትና ሥራ እስኪገኝ ድረስ፣ ከተገኘም በኋላ፣ በየቤታችን የሚደርስ አንድ ችግር አለ።

እኔ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስገባ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ በቀያችን የተጣላን የሚያስታርቅ፣ ድንበር የሚለይ፣ ሰው ቆሞ የሚሰማው ሽማግሌ ነበር። እዚህ ግን ሐኪም ቤት፣ ባንክና ማዘጋጃ ቤት ስንሄድ የምናገረው እኔ ነበርኩ። ዶክተሩ የሚያየው እኔን ነው፤ ጸሐፊዋም የምትጠይቀው እኔን ነው። አባቴ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሁለታችንን ይመለከታል። ልጅ ቋንቋ ቶሎ ይለምዳል፤ ይህ በራሱ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ልጁ እያደር «አባቴ ምንም አያውቅም» ማለት ይጀምራል። አባትም እያደር ዝም ይላል። ዝምታው ቤት ውስጥ ከገባ በኋላ ማስወጣቱ ከባድ ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ከተማርኩት ነገር አንዱ፣ ልጅ ወላጁን የሚያከብረው ወላጁ የሚነግረው ነገር ሲኖረው መሆኑን ነው። ዕብራይስጥ በአንድ ዓመት ላይሞላላችሁ ይችላል። የምትኖሩበትን ቦታ ታሪክ ግን በአማርኛ ሰምታችሁ፣ በአማርኛ ለልጆቻችሁ መንገር ዛሬውኑ ትችላላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጃችሁን ወደ ባሕሩ ዳር ወስዳችሁ «ይህን ግንብ ማን እንደሠራው ታውቃለህ?» ብትሉት፣ ያን ቀን መምህሩ እናንተ ናችሁ።

ከቆምንበት እንጀምር

ይህ ጣቢያ ለመንገደኞች የተከፈተው በ2005 ነው። ሐዲዱ በዚህ በኩል ማለፍ የጀመረው ግን ከመቶ ዓመት በፊት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ከቱርክ ጋር ሲዋጉ፣ በስዊዝ ቦይ ዳር ካለችው ካንታራ ተነስተው በሲና በረሃ፣ በባሕሩ ዳርቻ በኩል ሐዲድ ዘረጉ። አፈሩን የቆፈሩትና ድንጋዩን የተሸከሙት እጅግ ብዙ የግብፅ ሠራተኞች ነበሩ። ሐዲዱ በ1917 ጋዛ አካባቢ ደረሰ፤ ከዚያም በዚህ አልፎ ወደ ሎድና ወደ ሃይፋ ቀጠለ። በዚያው በ1917 የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ መግባቱን አባቶች ታስታውሱ ይሆናል። ለገሃር የባቡር ፉጨት በተሰማበት ዘመን እዚህም ተሰምቷል ማለት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በዚህ መስመር ከግብፅ እስከ ሃይፋ ይኬድ ነበር። የ1948 ጦርነት መንገዱን ቆረጠው። ከ2005 ወዲህ ከዚህ ተነስቶ ወደ ቴል አቪቭ መሄድ ተቻለ። በ2013 ደግሞ ሐዲዱ ወደ ስዴሮት ተዘረጋ፤ ቀጥሎም በነቲቮትና በኦፋኪም በኩል ከቤር ሼቫ ጋር ተገናኘ። በእነዚህ ከተሞች ሁሉ የእኛ ወገኖች ይኖራሉ። ስለዚህ ይህ ሐዲድ ለእኛ የዘመድ መጠያያ መንገድም ነው።

አስቀሎና የተባለችው ከተማ

አሁን በሐሳብ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ እንሂድ። በኦሪትና በነቢያት ስትሰሙት የኖራችሁት ስም ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ «አስቀሎና» ትባላለች። ሶምሶን የወረደባት፣ ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ሲያለቅስ ስሟን ያነሳባት፣ ከአምስቱ የፍልስጥኤማውያን ከተሞች አንዷ የሆነችው አስቀሎና ይህችው ናት። አራቱ ጋዛ፣ አዛጦን፣ ጌትና አቃሮን ነበሩ። አዛጦን ዛሬ አሽዶድ የምንላት፣ ባቡሩ ወደ ሰሜን ሲሄድ የምታገኟት ከተማ ናት።

ከፍልስጥኤማውያን በፊት ከነዓናውያን ነበሩ። በባሕሩ ዳር ባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከ3,800 ዓመት በፊት በጭቃ ጡብ የተሠራ፣ አናቱ እንደ ቀስት የጎበጠ የከተማ በር አለ። ድንጋይ ሳይሆን ጭቃ ነው፤ ሆኖም ቆሟል። በዓለም ላይ ከታወቁት ቀስተኛ በሮች ሁሉ እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። ቤት በጭቃ የሠራ ሰው ያን በር ሲያይ ሥራውን ያደንቃል፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ በእጃችሁ ጭቃ አቡክታችሁ ቤት የሠራችሁ ናችሁ። በዚያው በር አጠገብ በ1990 ቁፋሮ ሲደረግ በብር የተለበጠ ትንሽ የነሐስ ጥጃ፣ ከነማደሪያው ሸክላ ተገኘ። ርዝመቱ አንድ ስንዝር አይሞላም። ከነዓናውያን ይሰግዱለት የነበረ ነው። ኦሪት አጥብቃ የከለከለችውን የጥጃ አምልኮ በዓይኑ ማየት የፈለገ በኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም ያገኘዋል።

ሌላም አስደናቂ ነገር አለ። መርነፕታህ የተባለ የግብፅ ፈርዖን ከ3,200 ዓመት በፊት ድሉን በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ነበር። ድንጋዩ ዛሬ በካይሮ ይገኛል። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የእስራኤል ስም በጽሑፍ የተገኘበት ከሁሉ የቀደመው ድንጋይ እርሱ ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። በዚያው ድንጋይ ላይ፣ ከእስራኤል ስም ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አስቀሎና ተጽፋለች።

ፍልስጥኤማውያን ራሳቸው ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። ከባሕር ማዶ፣ ከ3,100 ዓመት በላይ በፊት ነው የመጡት። እዚህ ከተቆፈሩት መቃብሮች በወጣው አጥንት ላይ የተደረገ የዘር ምርመራ በ2019 ታትሞ፣ ከቀደሙት ሰዎች አንዳንዶቹ ከደቡብ አውሮፓ በኩል የመጣ ዘር እንደነበራቸው አሳይቷል። እነሱንም የባቢሎኑ ናቡከደነፆር በ604 ዓመተ ዓለም አጠፋቸው። ይህም የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ ከመፍረሱ 18 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው።

ከዚያ በኋላ ግሪኮች፣ ሮማውያን፣ ቢዛንታውያንና ዓረቦች ተፈራረቁባት። ንጉሥ ሄሮድስ መታጠቢያ ቤቶችን፣ ምንጮችንና ባለ ዓምድ መተላለፊያዎችን አሠርቶላታል። የመስቀል ጦረኞች በ1153 ያዟት፤ ሳላዲን በ1187 አስለቀቃቸው። በ1191 ግን ጠላት እንዳይመሽግባት ብሎ ራሱ አፈረሳት። እንግሊዛዊው ንጉሥ ሪቻርድ በ1192 መልሶ ገነባት፤ የግብፁ ሱልጣን ባይባርስ ደግሞ በ1270 ፈጽሞ አጠፋት። ከዚያ ወዲያ አሸዋው ሸፈናት።

አንድ ነገር ግን አሸዋ አልሸፈነውም። አስቀሎና በጥንት ዘመን በሽንኩርቷ የታወቀች ነበረች። ፈረንጆች «ሻሎት» የሚሉት ትንሹ ሽንኩርት ስሙን ያገኘው ከዚህች ከተማ ስም ነው። እኛ «ያበሻ ሽንኩርት» የምንለው፣ ለዶሮ ወጥ የሚከተፈው ትንሹ ቀይ ሽንኩርት የዚያው ወገን ነው። እናቶች፣ በአገር ቤት ድስት ስትጥዱ የዚህች ከተማ ስም ከእጃችሁ አልራቀም ነበር ማለት ነው።

ስማቸው የሚነሳ የአሽቀሎን ሰዎች

ከከተማዋ ሰዎች መካከል ለእኛ የሚጠቅሙትን ልምረጥ።

የመጀመሪያው ዳማ ልጀ ነቲና ነው። አይሁዳዊ አልነበረም። ታሪኩ ግን የአይሁድ ሊቃውንት የቃል ትምህርት በተጻፈበት በተልሙድ ውስጥ ይገኛል። የኢየሩሳሌም ሊቃውንት ለካህኑ ኤፉድ የሚሆን የከበረ ድንጋይ ፈልገው አሽቀሎን ድረስ ወደ ዳማ መጡ። የሚከፍሉት ወርቅ እጅግ ብዙ ነበር። ነገር ግን የሣጥኑ ቁልፍ አባቱ ከተኛበት ትራስ ሥር ነበረ። ዳማ አባቱን ከእንቅልፉ አልቀሰቅስም ብሎ ያን ሁሉ ትርፍ ተወው። በዓመቱ እግዚአብሔር ዋጋውን ከፈለው፤ ከመንጋው ቀይ ጊደር ተወለደችለት። ሊቃውንቱ ጊደሯን ሊገዙ ሲመጡ «የጠየቅሁትን ሁሉ እንደምትሰጡኝ አውቃለሁ፤ የምወስደው ግን ለአባቴ ክብር ብዬ ያጣሁትን ያህል ብቻ ነው» አላቸው ይባላል።

የቀይዋን ጊደር ሕግ የምታውቁ ቄሶቻችን ዋጋዋን ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። ልብ በሉ፤ ሊቃውንቱ «አባትን ማክበር እስከ ምን ድረስ ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ምሳሌ አድርገው የሚጠቅሱት የዚህችን ከተማ ሰው ነው። ወጣቶች፣ እናንተ አባቶቻችሁን ሐኪም ቤት ስትወስዱ ይህን አስቡ። ማስተርጎም አባትን ማገልገል ነው፤ በአባት ላይ መሠልጠን አይደለም። ዶክተሩ ሲናገር መጀመሪያ ለአባትህ ንገር፣ አባትህ ይመልስ፣ ከዚያ ለዶክተሩ አስተላልፍ። በአባትህ ፈንታ አትመልስ።

ሁለተኛው ዮልያኖስ የሚባል የስድስተኛው መቶ ዘመን የሕንፃ ባለሙያ ነው። የጻፈው መጽሐፍ በጎረቤታሞች መካከል ስለሚነሳ ጠብ ነው። የዳቦ ጋጋሪ ምድጃ፣ የሸክላ ማቃጠያና መታጠቢያ ቤት ከጎረቤት ቤት ስንት ክንድ መራቅ እንዳለባቸው፣ መስኮት በየት በኩል እንደሚከፈት፣ የቆሻሻ ውኃ በየት እንደሚወርድ፣ ዛፍ ከሰው ግድግዳ ምን ያህል ርቆ እንደሚተከል ደነገገ። ሕጉ ከእርሱ በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። ከፎቅ ላይ የውኃ ጠብታና የቡና ጭስ ከጎረቤት ጋር ሲያጋጭ ያያችሁ ሁሉ፣ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ እወቁ። ከጎረቤት ጋር በሕግና በምክክር መኖር እዚህ ከተማ ውስጥ 1,500 ዓመት ያስቆጠረ ትምህርት ነው። ዛሬ የሕንፃውን ጉዳይ የሚያየው የነዋሪዎች ኮሚቴ (ቫዓድ ባይት) ነው። ስብሰባ ሲጠራ ቋንቋው ባይገባችሁም ሂዱ፤ ያልተገኘ ሰው ቤቱ ይረሳል።

ከዮልያኖስ ብዙ ቀደም ብሎ የነበረውን የአሽቀሎኑን አንጢዮኩስ በአጭሩ ላንሳ። ፈላስፋ ነበር። ወደ አቴና ሄዶ ትልቁን ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ታዋቂው የሮማ ተናጋሪ ኪኬሮ ነው። ከዚህች ከተማ የወጣ ልጅ የትም መድረስ እንደሚችል ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ሦስተኛው አንድ ሰው አይደለም፤ ማኅበር ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ እርሱ ነው። በ1099 የመስቀል ጦረኞች ኢየሩሳሌምን ሲይዙ ከአይሁድ ብዙዎችን ገደሉ፣ የተረፉትን ማረኩ፣ መጻሕፍቱን ዘረፉ። አሽቀሎን ያን ጊዜ ገና በግብፆች እጅ ነበረች። የአሽቀሎን አይሁድ ብዙ ሀብት አልነበራቸውም። ሆኖም ተበድረው ምርኮኞችን ዋጅተው ወደ ከተማቸው አመጡ። ልብስ፣ ምግብና መድኃኒት ሰጡ። ገንዘባቸው ሲያልቅ ወደ ግብፅ ወንድሞቻቸው ደብዳቤ ጻፉ። በ1100 የተጻፈው ያ ደብዳቤ በካይሮ በአንድ አሮጌ ምኵራብ ዕቃ ቤት ውስጥ ተገኝቷል። ስንት ምርኮኛ እንደዋጁ፣ ማን በመንገድ እንደሞተ፣ ስንት ዕዳ እንዳለባቸው ይዘረዝራል። መጻሕፍቱንም ቆጥረዋል፤ 230 የመጽሐፍ ቅዱስ ጥራዞች፣ 100 ሌሎች መጻሕፍትና 8 የኦሪት ጥቅልሎች ዋጅተዋል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ስትጠብቁ ኖራችኋል፤ ገና እየጠበቀ ያለ እናት፣ ወንድም ወይም ልጅ ያላችሁም አላችሁ። «እኛ ገና አዲስ ነን፣ ድሆች ነን፣ ለሌላው ምን ልናደርግ እንችላለን?» አትበሉ። በዚህች ከተማ ከ900 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ተበድረው ወገናቸውን አስፈትተዋል፤ ያደረጉትንም ሁሉ በጽሑፍ ይዘዋል። ጽሑፉ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ማንም አያውቃቸውም ነበር።

መጅደልና አፍሪዳር

የጥንቷ ከተማ ከጠፋች በኋላ ከባሕሩ ትንሽ ራቅ ብሎ መጅደል የምትባል የዓረቦች ከተማ አደገች። በ1300 የተሠራው መስጊዷ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ዛሬ የከተማው ሙዚየም በዚያ ይገኛል። መጅደል በሽመና የታወቀች ነበረች። ወንዶቹ እግራቸውን ከጉድጓዱ አውርደው የሚሸምኑት ባለ ቀለም ጨርቅ በአካባቢው ሁሉ ይሸጥ ነበር። ከእናንተ መካከል ሸማኔ የነበራችሁ ይህን ሥራ ስታዩ የራሳችሁን መወርወሪያ ታስታውሳላችሁ።

በ1948 ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ይኖርባት ነበር። በዚያ ዓመት ጦርነት፣ በኖቬምበር ወር፣ የእስራኤል ጦር ከተማዋን ያዘ። አብዛኛው ነዋሪ ከጦርነቱ ሸሽቶ ወደ ጋዛ ሄደ፤ የቀሩትም እስከ 1950 ድረስ ወደዚያው እንዲሻገሩ ተደረገ። ሸማኔዎቹ ሥራቸውን በጋዛ ቀጠሉ፤ ጨርቁም እስከ ዛሬ በመጅደል ስም ይጠራል። ይህን የምነግራችሁ ፖለቲካ ለመናገር ብዬ አይደለም። የከተማን ታሪክ የሚናገር ሰው ግማሹን ዘሎ ግማሹን መናገር የለበትም። ከቀዬ መውጣት ምን እንደሆነ ደግሞ ለእናንተ የሚነገራችሁ ነገር አይደለም።

በባዶዎቹ ቤቶችና በአካባቢው በተሠሩ ጊዜያዊ መጠለያዎች አዲስ ገቢዎች ሰፈሩ። ከየመን፣ ከኢራቅ፣ ከሰሜን አፍሪካ፣ ከሮማንያና ከፖላንድ የመጡ ነበሩ። እርስ በርሳቸው ቋንቋ አይግባቡም፤ ሥራ ጥቂት ነበር፤ ክረምቱ ጭቃ ነበር። ከእነሱ ሳይርቅ፣ በባሕሩ በኩል፣ የደቡብ አፍሪካ አይሁድ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ሰፈር ሠሩ። ባለ አትክልት ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ሰፊ መንገድና የሰዓት ማማ ነበረው። ስሙን «አፍሪዳር» አሉት፤ ከአፍሪካና በዕብራይስጥ ደቡብ ማለት ከሆነው «ዳሮም» የተቀናበረ ስም ነው። የአፍሪካ ስም በዚህች ከተማ ካርታ ላይ የተጻፈው እኛ ከመምጣታችን በፊት ነው።

በ1953 መጅደልና አፍሪዳር ተዋሕደው ከተማዋ አሽቀሎን ተባለች። የመጀመሪያው ከንቲባ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር ዶክተር ሄንሪ ሶናቤንድ ነው። አንዱ ወገን በድንኳን፣ ሌላው ወገን በአትክልት ቦታ ሲኖር ውሕደቱ ቀላል አልነበረም። ሆኖም በዚያን ጊዜ በጭቃው ሰፈር ያደጉ ልጆች በኋላ የከተማዋ ነጋዴዎች፣ መምህራንና ሹሞች ሆነዋል። ስለዚህ ከሱቁ በር ላይ «እናንተ አዲሶች» የሚላችሁ ሰው ካለ፣ የእርሱም አያት በድንኳን የገባ ሊሆን ይችላል። አትቀየሙት፤ በጨዋ ደንብ «አያትህ ከየት መጡ?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ጨዋታው ከዚያ ይጀምራል።

የዛሬዋ አሽቀሎን

ዛሬ አሽቀሎን ከ150,000 በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። ባርዚላይ ሆስፒታል በ1961 ተከፈተ። በባሕሩ ዳር የሚታየው ትልቁ የኤሌክትሪክ ኃይል ጣቢያ በ1990 ሥራ ጀመረ። ይህ ባቡር ጣቢያ በተከፈተበት በ2005 ደግሞ የባሕርን ውኃ ጨው አውጥቶ የሚያጣራው ፋብሪካ ተከፈተ፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ከነበሩት ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረትና ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ገብተውባታል።

ጋዛ ቅርብ ስለሆነች ከተማዋ ብዙ መከራ አይታለች። «የብረት ጉልላት» የተባለው መከላከያ ሮኬትን በሰማይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመታው በአፕሪል 2011 ሲሆን ሮኬቱም ወደ አሽቀሎን የተተኮሰ ነበር። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላም ብዙ ሮኬት ከተተኮሰባቸው ከተሞች አንዷ ሆናለች። ስለዚህ ቤታችሁ ስትገቡ አስቀድማችሁ የመጠለያውን ቦታ እወቁ፤ ሽማግሌ ወላጅ ያላችሁ ማን እንደሚደግፋቸው ዛሬውኑ ተነጋገሩ።

የወጣንበት ቀዬ

የመጨረሻው ጉዳዬ ይህ ነው። እዚህ አገር ልጆች ሰባተኛ ክፍል አካባቢ ሲደርሱ «የሥር ሥራ» (ዓቮዳት ሾራሺም) የሚባል ትልቅ የቤት ሥራ ይሰጣቸዋል። የቤተሰባቸውን ታሪክ ጠይቀው መጻፍ አለባቸው። ሌላው ልጅ የአያቱን ፎቶግራፍና የተወለዱበትን ከተማ ስም ይዞ ይመጣል። የእኛ ልጅ ባዶ ወረቀት ይዞ ቢመጣ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ያልነገርነው እኛ ነን።

የምንነግረው ደግሞ ሞልቶናል። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ ትንሽ መንደር ናት። ከእርሷ ግን ዮና ቦጋለ ወጥቷል። ዶክተር ፋይትሎቪች ወስደው በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ አስተማሩት። ተመልሶ ለወገኑ ትምህርት ቤቶች ደከመ፤ መጻሕፍት አዘጋጀ፤ ስለ ቤተ እስራኤል በዓለም ፊት ተከራከረ። በ1979 ወደ እስራኤል ገብቶ በ1987 ዐረፈ። ከትግራይ ፈረደ አክሉም ወጥቷል፤ መምህር ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸሽቶ ሱዳን ከገባ በኋላ ወገኖቹ በሱዳን በኩል የሚወጡበትን መንገድ ከከፈቱት አንዱ ሆነ። ኑሮውን በዚህ ሐዲድ ጫፍ በቤር ሼቫ አድርጎ በ2009 ዐረፈ። ከጎንደር ገጠር ተወልዳ በ1984 በሕፃንነቷ በዘመቻ ሙሴ የገባችው ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2013 የክኔሴት አባል፣ በ2020 ደግሞ ሚኒስትር ሆናለች።

ታዋቂ ሰው ብቻ አይደለም ታሪክ የሚሆነው። እናንተ ለጋብቻ ሰባት ቤት የምትቆጥሩ ሰዎች ናችሁ። የአባትን አባት፣ የአያትን አያት ስም ከነቀያቸው በቃል የሚያውቅ ሕዝብ በዓለም ጥቂት ነው። ይህ ዕውቀት ግን በወረቀት ላይ የለም፤ ያለው በሽማግሌዎቻችን አፍ ነው። አንድ ሽማግሌ ባረፈ ቁጥር አንድ ሙሉ መንደር አብሮት ይቀበራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ ዛሬ ወደ ቤት ስትመለሱ አንድ ደብተር ግዙ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተወለዳችሁበትን ቀዬ፣ ወንዙንና ተራራውን፣ የጸሎት ቤቱን፣ የቄሱን ስም ጻፉ። ቀጥሎ ሰባቱን ቤት ጻፉ። መጻፍ የማትችሉ ተናገሩ፣ ልጆቻችሁ ይጻፉ። በአማርኛ መጻፍ ያልቻለ ልጅ በዕብራይስጥ ይጻፈው። ቋንቋው አያስጨንቃችሁ፤ ስሞቹ እንዳይጠፉ ነው።

ሁለተኛ፣ ከመንደራችሁ ሰዎች ማን ምን እንደነበረ ጻፉ። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ጠላት ሲያስታርቅ የኖረው፣ በሱዳን መንገድ ልጅ ተሸክሞ ያለፈው፣ በመንገድ የቀረው። በሱዳን መንገድ 4,000 ያህል ወገኖቻችን እንዳለቁ ይነገራል። የሁሉም ስም በአንድ ቦታ አልተጻፈም። የምታውቁትን ስም ይዛችሁ አትቀመጡ።

ሦስተኛ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ከተማዋን ዙሩ። የጭቃውን በር፣ የአፍሪዳርን የሰዓት ማማ፣ የመጅደልን ሙዚየም አሳዩአቸው። እያሳያችሁ ከቀያችሁ ጋር አነጻጽሩላቸው። «እኛም አገር እንዲህ ያለ በር ነበር፣ እንዲህ ያለ ሸማኔ ነበር» በሉ።

ደብተራችሁን ይዛችሁ ማክሰኞ ማታ ወደ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ኑ። የሚጽፉላችሁ ወጣቶች አሉ፤ ቡናም አለ። የአሽቀሎን ሽማግሌዎች ከ900 ዓመት በፊት የጻፉት ደብዳቤ እስከ ዛሬ የተነበበው ተጽፎ ስለተቀመጠ ነው። የእናንተም ይነበባል።

አሁን ባቡሩ ሊደርስ ነው። አባቶችና እናቶች ቀድማችሁ ግቡ፤ ልጆች እጃቸውን ያዙላቸው።